ልጆቹ እንግሊዝኛ ይገለብጣሉ፣ ሲያናግሯቸው ግን ዝም። ማዳመጥና መናገርን እናንተ እንዴት ታስተምራላችሁ?

የመንዝ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተምረው መንዝ ውስጥ ከከተማ ራቅ ያለ ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል፣ እንግሊዝኛ። አንዱ ክፍል ከ70 በላይ ልጅ አለው፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። መብራት የለም፣ ቴፕ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቼ ከሰሌዳ መገልበጥ ይችላሉ። ፊደሉን ለይተውታል፣ ቃላት ያነባሉ፣ ባዶ ቦታ ሙሉ ሲባሉ ብዙዎቹ ይሞላሉ። ጠዋት ስገባ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ብለው ጣራውን ያነሱታል። «ሃው አር ዩ» ስላቸው «ዊ አር ፋይን ታንክዩ ቲቸር» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ከዚያ አንዱን ብቻውን አስነስቼ «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» ስለው መልሱ «ፋይን ታንክዩ ቲቸር» ነው። የሰማው ጥያቄውን አይደለም። እንግሊዝኛ መሆኑን ብቻ ሰማና ያለችውን አንድ መልስ ሰጠኝ።

የመምህሩ መምሪያ ላይ የማዳመጥ ምንባብ አለ። አንብቢላቸውና ጥያቄውን ይመልሱ ይላል። አነባለሁ፣ አፍ አፌን ያዩኛል፣ ስጨርስ ዝም። ደግሜ በቀስታ አነባለሁ፣ አሁንም ዝም። በመጨረሻ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ያኔ ማዳመጥ መሆኑ ቀርቶ ንባብ ይሆናል።

የሚያሳስበኝ ዘጠነኛ ክፍል ነው። እዚያ ሲደርሱ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲማር የኖረ ልጅ መምህሩ የሚለውን በጆሮው ካልለየ ምን ሊሆን ነው? በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ የምትሠሩት፣ የሠራላችሁ ነገር ካለ በዝርዝር ንገሩኝ። «አሳታፊ ዘዴ ተጠቀሚ» የሚለውን በሥልጠና ሰምቼዋለሁ፤ እኔ የምፈልገው ነገ ጠዋት ክፍል ገብቼ የምሠራውን ነው።

ጂሩ ያለሁ አስተማሪ

እህቴ፣ የኔንም ክፍል ነው የጻፍሽው። ሞረትና ጂሩ ነኝ፣ አራተኛ ክፍል።

የኔ ሐሳብ አንድ ነው፦ ልጁ አፉን የሚከፍትበት ጊዜ ካላገኘ አይናገርም። በቃ። እስቲ አስቢው፣ ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው። 70 ልጅ ተራ በተራ እየተነሳ ቢናገር፣ አንቺ አንድ ቃል ሳትተነፍሺ ማለት ነው፣ ለአንዱ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ስም መጥሪያው፣ የቤት ሥራ ማረሚያው፣ የመምህሩ ማብራሪያ ሲቀነስ ምን ይተርፋል?

ስለዚህ ሁሉም ባንዴ መናገር አለበት። በአንድ ድምፅ ይጩኹ ማለቴ አይደለም። በኅብረት ሲጮሁ ግማሹ አፉን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። አጠገቡ ካለው ልጅ ጋር ይነጋገር ነው የምለው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። በየዴስኩ ሦስት ልጅ አለ አይደል? አንደኛው ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ ይዞራል፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ እርሳስ ይይዛል። ሁለቱ ሰሌዳውን ያያሉ። እኔ ሰሌዳው ላይ እሥላለሁ፦ አንድ ጎጆ፣ ከጎጆው በስተቀኝ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ሁለት በጎች፣ ከላይ ፀሐይ። ሥዕል አልችልም የሚል ሰው አይፍራ፣ ሞላላ ነገር ላይ አራት እግር ከቀጠለበት ልጆቹ በግ ነው ይሉታል። ሁለቱ ያዩትን በእንግሊዝኛ ይነግሩታል። «ድሮው ኤ ሃውስ። ድሮው ኤ ትሪ ኦን ዘ ራይት። ቱ ሺፕ፣ አንደር ዘ ትሪ።» እሱ ሰምቶ ይሥላል። ካልገባው «ኋት? ዌር? ሃው ሜኒ?» ብሎ ይጠይቃል። እነዚህን ሦስት መጠየቂያዎች አስቀድመው ካልያዙ ጨዋታው አይሄድም፣ ስለዚህ መጀመሪያ እነሱን ነው የማስጠናው።

ሲጨርሱ ልጁ ዞር ብሎ ሥዕሉን ከሰሌዳው ጋር ያስተያያል። ሦስት በግ ሥሎ ከተገኘ ወይ ተናጋሪዎቹ ተሳስተዋል ወይ ሰሚው አልሰማም፣ እዚያው ይከራከሩበታል። ክርክሩ በአማርኛ ይሆናል፣ ተያቸው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል፣ ተናግሯልም። ወጪው ጠመኔ ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ቃላቱን አስቀድመው በጆሮ ካላወቋቸው ቀጥታ እዚህ ውስጥ አትግቢ። በፊት አንቺ እየተናገርሽ እነሱ ብቻ ይሣሉ። ጆሮው ሲለምድ አፉ ይከተላል።

ከሸዋ ሮቢት

እኔ ትንሽ ልለይ፣ በአክብሮት።

ልጆቹ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ የሚፈተኑት ክልላዊ ፈተና ምርጫ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ማዳመጥ የለውም፣ መናገር የለውም። ወላጁም ርዕሰ መምህሩም የሚጠይቀኝ ስንት ልጅ አለፈ ብሎ እንጂ ስንት ልጅ ተናገረ ብሎ አይደለም። ጩኸቱ ደግሞ ሌላ ነው። የኛ ክፍሎች የሚለያዩት በስስ ችፑድ ነው። ሰባ ልጅ ባንዴ ሲያወራ ቀጥሎ ያለው የሒሳብ መምህር ምን ይበል? አንድ ጊዜ የቡድን ሥራ እያሠራሁ ሱፐርቫይዘር ገባና «ክፍሉን መቆጣጠር አልቻለም» ብሎ ጽፎብኝ ሄደ። ይኼ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል።

እናውራው ካልን ደግሞ ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ ተናግረን አናውቅም። የተማርነው ሰዋስው ነው፣ የምናስተምረውም እሱኑ ነው። ያልተሰጠንን ከየት አምጥተን እንስጥ?

የመንዝ መምህርት

ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ አልክድህም። ስለ ፈተናው ግን አንድ ነገር ልበልህ። አማርኛ ማንበብ ስናስተምር ልጁ ቶሎ የሚያነበው ድሮ በአፉ የሚያውቀውን ቃል ነው። «ዳቦ» የሚለውን አንዴ ካየ አይረሳውም። በእንግሊዝኛ ግን ጆሮው ሰምቶት የማያውቀውን ቃል በዓይኑ ብቻ እንዲያውቅ ነው የምንጠይቀው። ቃሉን በድምፅ ቢያውቀው ፈተናውም ላይ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

ስለ ሱፐርቫይዘሩ አዝናለሁ። እኛም ጋ ክፍል ዝም ካለ ጥሩ ክፍል ነው የሚባለው።

የመምህራን አሠልጣኝ፣ ደብረ ብርሃን

ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል፣ ልግባበት።

መጀመሪያ ስለ ማዳመጡ ምንባብ። ልጆቹ ዝም የሚሉት ምንባቡ ስለከበዳቸው ብቻ አይደለም። ሲሰሙ የሚሠሩት ነገር ስለሌላቸው ነው። ሳታነቢ በፊት ሰሌዳው ላይ አራት ነገር ሣዪ፣ ለምሳሌ ላም፣ ፈረስ፣ ውሻ፣ ዶሮ። «የትኞቹን እንደጠራሁ ስሙኝና በቅደም ተከተል ቁጥር ስጧቸው» በያቸው፣ መመሪያውን በአማርኛ ብትነግሪያቸው ምንም ነውር የለውም። ከዚያ አንብቢ፣ ሦስት ጊዜ፣ በተለመደው ፍጥነት። ቃል በቃል እየቆራረጡ በጣም በቀስታ ማንበብ የሚረዳ ይመስላል እንጂ አይረዳም፤ ልጁ ሰው በእውነት ሲናገር እንደዚያ ሆኖ አይሰማውም። በመጀመሪያው ንባብ ሁለቱን ከያዘ፣ በሦስተኛው አራቱንም ይይዛል። ሙሉውን ታሪክ መረዳት አይጠበቅበትም።

ሁለተኛው ትእዛዝ ነው። ጄምስ አሸር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይዞት የመጣ ዘዴ አለ። ሕፃን ቋንቋ ሲጀምር «ና፣ አምጣ፣ ተቀመጥ» ሲባል እየሰማና በአካሉ እየታዘዘ ነው፣ አፉን የሚፈታው በኋላ ነው፤ ክፍል ውስጥም ያንኑ ቅደም ተከተል እንከተል ነው የሚለው። «ስታንድ አፕ፣ ተች ዩር ኖዝ፣ ፑት ዩር ፔን አንደር ዩር ቡክ።» ሁላችሁም ይህን ትሠሩታላችሁ፣ አውቃለሁ። ግን ክፍል ገብቼ ስመለከት መምህሩ «ተች ዩር ኖዝ» እያለ የራሱንም አፍንጫ ይነካል። ልጆቹ ታዲያ ዓይናቸው እየሠራ ጆሯቸው ያርፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታሳዩ ንኩ። ከዚያ በኋላ እጃችሁን ኋላችሁ አድርጉ፣ ወይም አፍንጫ እያላችሁ ጆሯችሁን ንኩ። የሰማውና ያየው ያኔ ይለያል። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ ልጁ ታዝዞ ቃል ባይናገር ግድ የለም። እየሰማ ነው፣ አታስጨንቁት።

ሌላው መጠበቅ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ የሳይንስ ክፍሎችን ስታጠና መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉት ቀነሱ፣ እጅ የማያወጡትም መመለስ ጀመሩ። ታዲያ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሰምቶ፣ በአማርኛ አስቦ፣ መልሱን በእንግሊዝኛ ለሚፈልግ ልጅ ከዚህም በላይ ያስፈልገዋል። ጠይቁና በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ክፍል ውስጥ አምስት መቁጠር ረጅም ነው፣ መምህሩ ራሱ ይጨንቀዋል።

የሸዋ ሮቢቱ መምህር፣ ጩኸቱን በተመለከተ ጥንድ ሥራውን በሹክሹክታ አሠራቸው። ልጆች ሹክሹክታ ይወዳሉ። እጅህን ስታነሳ ሁሉም እጁን አንስቶ ዝም የሚልበትን ምልክት አስለምዳቸው፣ እሱ ሳይያዝ ጥንድ ሥራ አይጀመርም።

ጡረታ የወጣሁ፣ አንኮበር

ልጆቼ፣ እናንተን ሳነብ ደስ አለኝ።

በእኛ ጊዜ የትምህርት በሬዲዮ እንግሊዝኛ ነበር። ከሁሉ የማደንቀው አንድ ነገር ነበረው፣ ሬዲዮው ይጠይቅና ዝም ይላል። ልጆቹ በዚያች ዝምታ ውስጥ ይመልሳሉ። ከዚያ ትክክለኛውን ይነግራቸዋል፣ እነሱም ይደግሙታል። አሁን ሬዲዮው ባይኖር ስልክ አላችሁ። በወረዳችሁ ከናንተ የተሻለ የሚናገር መምህር ፈልጉና ጥያቄዎቹን ክፍተት እየተወ ይቅዳላችሁ። በሚሞሪ ካርድ አድርጋችሁ በትንሽ ስፒከር ማሰማት ነው። የብሪቲሽ ካውንስልም ለልጆች ያዘጋጀው በነፃ የሚገኝ ነገር አለ፣ ከተማ ስትወጡ አውርዳችሁ መመለስ ትችላላችሁ። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው» ለሚለው መምህር ይህ ብዙ ሸክም ያቀልለታል፣ እሱም ከልጆቹ ጋር እየሰማ ይሻሻላል።

ሌላው እንቆቅልሽ ነው። ልጆቻችን እንቆቅልሽ ማንም ሳያስተምራቸው ያውቃሉ። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» ይባልና በእንግሊዝኛ ይቀጥላል፦ «አይ ሃቭ ፎር ሌግስ። አይ ኢት ግራስ። አይ ጊቭ ዩ ዉል። ኋት አም አይ?» የመንዝ ልጅ ይህን ሳይመልስ አይቀርም፣ ቤቱ ውስጥ የበግ ፀጉር የሚፈትል ሰው አለ። መልሱን ካላወቁት ሀገር መስጠት አለ አይደል? «አይ ጊቭ ዩ ደብረ ሲና።» ጠያቂው እምቢ ይላል፣ «ኖ! ጊቭ ሚ አዲስ አበባ።» ልጆቹ ሀገር ለመቀበል ሲሉ ራሳቸው አዲስ እንቆቅልሽ ሠርተው ይመጣሉ። እኔ የቤት ሥራ አድርጌ እሰጠው ነበር፣ የሦስት ዓረፍተ ነገር እንቆቅልሽ። ማታ ተጨንቀው ያዘጋጁትን ጠዋት ለመናገር እጃቸውን ሲያወጡ ማየት ነው።

ወላጅ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን

መምህር ባልሆንም ይቅርታ ጠይቄ ልግባ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። በፊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእንግሊዝኛ የተማረችውን ትነግረን ነበር። ታላቅ ወንድሟ «ፈረንጇ መጣች» እያለ ሲስቅባት ተወችው። ክፍልም ውስጥ እንደዚያው ነው አለችኝ፣ አንዱ ሲሳሳት ሁሉም ይስቃል። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። አስጠኚ ልቅጠርላት ወይስ ምን ላድርግ?

ጂሩ ያለሁ አስተማሪ

እትዬ፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም፣ እንዲያውም ዋናውን ነገር ነው ያነሡት። እኔ ክፍል ውስጥ ከሁሉ በላይ የምጠላው ያንን ሳቅ ነው። ጎበዝ ልጅ አንድ ቀን ይሳቅበትና ዓመቱን ሙሉ አፉን ይዘጋል። እኔ ጋ አንድ ሕግ አለ፣ በእንግሊዝኛ የተናገረ ልጅ ላይ መሳቅ ክልክል ነው። የሳቀው ልጅ ቅጣቱ ራሱ ተነሥቶ ያንኑ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው። ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም፣ ተዉት።

መምህሩም ሲያርም እንዲህ ቢያደርግ ጥሩ ነው። ልጅቷ «ሺ ጎ ስኩል» ካለች «ተሳስተሻል፣ ተቀመጪ» አይበላት። «የስ፣ ሺ ጎዝ ቱ ስኩል። ቬሪ ጉድ» ብሎ ይለፍ። ትክክለኛውን ሰምታዋለች፣ አላፈረችምም።

ቤት ውስጥ ደግሞ አስጠኚ ከመቅጠርዎ በፊት እርስዎ ተማሪ ይሁኑላት። ማታ እሳት ዳር «ይኼን ምን ይሉታል?» ይበሏት፣ ጨው፣ ማንኪያ፣ ውኃ። ታስተምርዎት፣ እርስዎም ይድገሙላት። ነገ ደግሞ ትናንት ያስተማረችዎትን ትፈትንዎት። ልጅ ማስተማር ሲጀምር ፍርሃቱ ይለቀዋል። ወንድሟንም አብሮ ተማሪ ያድርጉት።

የመንዝ መምህርት

ይዤው ገባሁ፣ ልንገራችሁ።

ጀርባ ለሰሌዳ የሚለውን አራተኛ ክፍል ላይ ነው የሞከርኩት። መጀመሪያ ግርግር ሆነ፣ ዞረው የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን ቆልምመው ሰሌዳውን ሊያዩ ነው የሚሞክሩት። ጠርዝ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች፣ ከመስከረም ጀምሮ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም፣ ስትጠራም ቆማ መሬት መሬት ነው የምታየው። የዴስክ ጓደኛዋ ከዛፉ ሥር ሦስት በግ ሊሥል ሲል «ኖ! ቱ! ቱ ሺፕ!» ብላ እርሳሱን ከእጁ ቀማችው። እኔ አጠገቧ መቆሜን አላየችም። ልጁም «ዌር?» አላት፣ «አንደር ዘ ትሪ» አለችው። ሙሉ መልስ ነው የሰጠችው። ለማርክ ብላ አይደለም፣ ሥዕሉ ስለተበላሸባት ነው።

ሁለት ችግር ገጠመኝ። አንደኛው፣ ከሁለቱ ተናጋሪዎች ጎበዙ ሁሉን ይናገርና ሌላው ዝም ይላል። ሁለተኛው ድምፅ ነው። በጉን «ሺፕ» ስል አንድ ልጅ ካለፈው መልመጃ አስታውሶ መርከብ ሣለ። ልክ ነው እኮ፣ በጆሮው አንድ ናቸው።

የመምህራን አሠልጣኝ፣ ደብረ ብርሃን

ልጅቷን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ።

ለጎበዙ መፍትሔው ተራ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር እሱ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጓደኛው። የሚናገረው ልጅ ጠመኔ ወይም ጠጠር ይያዝ፣ ያልያዘ አይናገርም። ሥዕል በተለወጠ ቁጥር ደግሞ የሚዞረው ልጅ ይለወጥ።

ድምፁን በተመለከተ፣ በግና መርከብ በእኛ አፍ አንድ የሚሆኑት ለሁለቱ አናባቢዎች የተለያየ ድምፅ ስለሌለን ነው። የበጉ ረዘም ይላል፣ ከንፈር ወደ ጎን ይለጠጣል። የመርከቡ አጭርና ላላ ያለ ነው። ልጆቹ እንዲናገሩት ከመጠየቅሽ በፊት እንዲለዩት አድርጊ። ሰሌዳው ግራ ላይ በግ፣ ቀኝ ላይ መርከብ ሣዪ። አፍሽን በደብተር ሸፍነሽ አንዱን በዪ። በግ ከሰሙ ግራ እጃቸውን፣ መርከብ ከሰሙ ቀኝ እጃቸውን ያውጡ። ዓይናቸውን ቢጨፍኑ ይሻላል፣ አለበለዚያ ጎበዙን ልጅ እያዩ ነው የሚያወጡት። ሦስት ደቂቃ ይበቃል፣ በየጊዜው ደጋግሚው። «እስኩል» የሚሉትንም በዚሁ መንገድ ያዢው፦ መጀመሪያ እንደ እባብ «ስስስ» ይበሉ፣ ከዚያ ሳያቋርጡ «ኩል»። ከፊት የምትመጣዋ «እ» ቀስ በቀስ ትጠፋለች። ባትጠፋም አትጨነቂ፣ ሰሚው ይረዳቸዋል። ትርጉም የሚያበላሸውን ድምፅ ነው አጥብቀሽ መያዝ ያለብሽ።

ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያቅታቸው ደግሞ ከኋላ ጀምሪ። «ስኩል።» «ቱ ስኩል።» «ጎ ቱ ስኩል።» «አይ ጎ ቱ ስኩል።» ከፊት ሲጀምሩ መጨረሻው ላይ ይሰበራሉ፣ ከኋላ ሲጀምሩ ግን ወደሚያውቁት እየሄዱ ነው።

ከሸዋ ሮቢት

እኔም ሹክሹክታውን ሞከርኩት፣ የሒሳቡ መምህር አልመጣብኝም። የመንዟን ልጅ ነገር ሳነብ የኔ ክፍል ውስጥ ያሉትን እንዲህ ያሉ ልጆች አስታወሰኝ፣ ስማቸውን የማውቀው ከስም መጥሪያው ላይ ነው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ማርክ እንዴት ልስጥበት? ማርክ ከሌለው ርዕሰ መምህሩም ወላጁም ጨዋታ ነው የሚሉት። ሌላው፣ የኛ ዴስክ ወንበሩም ጠረጴዛውም አንድ ላይ የተበየደ ነው፣ ለመዞር አይመችም።

ጂሩ ያለሁ አስተማሪ

ማርኩን ከተከታታይ ምዘናው ውስጥ ቁረጥለት፣ ለማዳመጥና ለመናገር የሚሆን ቦታ እኮ አለው። ሁሉንም ባንድ ቀን ልፈትን ካልክ ያልቅብሃል። እኔ በአንድ ፔሬድ አምስት ልጅ ብቻ ነው የምይዘው፣ እነሱ ሲነጋገሩ አጠገባቸው ሄጄ እሰማለሁ። ለ70 ልጅ 14 ፔሬድ ነው፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። በደብተሬ ላይ በየስሙ አንጻር አጭር ነገር እጽፋለሁ፦ ሰምቶ ሠራ፣ በቃል መለሰ፣ በዓረፍተ ነገር መለሰ፣ ራሱ ጠየቀ። አምስቱ እነማን እንደሆኑ አልነግራቸውም። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ደብተሩን ነው የማሳየው፤ በስም የተጻፈ ነገር ሲያይ ክርክሩ ይቀንሳል።

ለዴስኩ ደግሞ መዞር አያስፈልግም። የሚሥለው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥ፣ አጠገቡ ያለው ልጅ ደብተሩን ገልጦ በግንባሩ ፊት እንደ መጋረጃ ይያዝለት። ወይም ሰሌዳውን ተወውና ሥዕሉን በወረቀት ሥለህ ለየዴስኩ አንድ ስጥ፣ ወረቀት ካለህ። ወረቀት ከሌለህ ወደ ሜዳ ይዘሃቸው ውጣ። ሁለት ሁለት ይሁኑና አንዱ ጠጠርና ቅጠል መሬት ላይ ይደርድር፣ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ሰምቶ የራሱን ይደርድር። «ፑት ዘ ስቶን ኦን ዘ ሊፍ።» ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ስለሚያይል የጠዋቱን ፔሬድ ምረጥ፣ ጥላ ያለበት ዛፍ ሥር።